ካርታው ድምፅ የለውም

ወልድያ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህር ሙሐመድዘይን
ግራና

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ዘንድሮ የእናንተና የእኛ ጾም ገጥሞ ከተማው ሁሉ ጦሙን ይውላል። እኔም ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ ስለምውል ረሃቡ ትዝ የሚለኝ ስነሳ ነው።

በአጭር መልእክትዎ «ማን ነሽ፣ የማንስ ልጅ ነሽ?» ብለውኛል። ልክ ነዎት፤ ራሴን ሳላስተዋውቅ ዘልዬ ወደ ጉዳዬ ገባሁ፣ አመሌ ነው። ኤልሳቤጥ እባላለሁ፤ መናኸሪያው አጠገብ ጋራዥ ያለው የዓለምነህ ልጅ ነኝ። እርስዎ በርቀት የሚማሩበትን የኮሌጁን ድረ ገጽ የምሠራው እኔ ነኝ። አድራሻዎን የሰጡኝ የኮሌጁ ኮሚቴ ሰብሳቢ መምህር ደምሴ ናቸው። «ግራና የሚያስተምር አንድ የጂኦግራፊ መምህር አለ፤ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ እንኳ አንድ ቀን ከክፍል አልቀረም» አሉኝ። ያለፈውን ፈተናም አጫወቱኝ፤ የተመደበልዎ አንባቢ እርስዎ «ለ» ሲሉት «ይኼ ይሻልዎታል» እያለ «ሐ»ን ሲያከብብ እንደነበር። ሰምቼ ደሜ ፈላ።

ዲግሪውን ዘንድሮ ካልጨረሱ ከመስከረም ጀምሮ ከክፍል ወጥተው ዕቃ ቤት እንደሚመደቡም ርዕሰ መምህሩ ነግረውዎታል አሉ። የቀረዎት የሰኔው የማጠቃለያ ፈተና ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ አሰብኩ፦ ስልክዎ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብልዎ ከሆነ፣ ድረ ገጹም ለስልኩ የሚነበብ ሆኖ ከተሠራ፣ አንባቢ ምን ያደርጋል? ራስዎ ይሰማሉ፣ ራስዎ ይመልሳሉ። ሁለት ወር ሙሉ ስለፋበት ከርሜ የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች አልቀዋል። ዓይኔን ጨፍኜም ሞክሬዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ አጮልቄአለሁ።

እባክዎ ይሞክሩትና ይጻፉልኝ። ጥሩ ነው፣ አይደል? ቶሎ ይመልሱልኝ፤ መጠበቅ አልችልበትም።

አክባሪዎ
ኤልሳቤጥ


ግራና፣ መጋቢት 15 ቀን 2017

ለልጄ ለኤልሳቤጥ

ሰላምና ጤና ላንቺ ይሁን፤ ለአባትሽ ለዓለምነህም እንዲሁ። ያንን ጋራዥ አውቀዋለሁ። ዓይኔ ደኅና ሳለ ከመርሳ የተሳፈርኩበት መኪና በሩ አልዘጋ ብሎ እዚያ ግማሽ ቀን ተቀምጠናል፤ አባትሽ ሻይ ጋበዘን። እንግዲህ ዘመድ ነን ማለት ነው።

ከደብዳቤው በኋላ በላክሽው አጭር መልእክት ስለ ዓይኔ «መንገር የማይከብድዎ ከሆነ» ብለሽ ጠይቀሽኛል። አይከብደኝም። የዓይን ግፊት ነው። ከዳር ከዳር እየበላ መጣ፤ ሰሌዳው እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄደና አንድ ቀን አልቆ አገኘሁት። ሐኪም ዘንድ ስደርስ ረፍዶ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ወንዞቹና ተራሮቹ አስቀድመው ጭንቅላቴ ውስጥ ገብተው ነበርና በቃሌ አስተምራለሁ።

አሁን ወደ ሥራሽ። ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ! እንከን የሚባል አላገኘሁበትም። ድምፁ ጥርት ያለ፣ ቅደም ተከተሉ ያማረ ነው። በተለይ የተፋሰሶቹ ካርታ ያለበት ትምህርት ልቤን ወሰደው፤ አዋሽ ከየት ተነስቶ በየት በኩል እንደሚጠመዘዝ፣ ሚሌ የት ላይ እንደሚገባበት፣ አንዱም ሳይቀር ደረሰኝ። ልጄ ቡርቱካን አጠገቤ ናት፤ ስልኩን ቻርጅ ታደርግልኛለች እንጂ ሌላ ሥራ የላትም። እሷም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አለባት። ይህን ደብዳቤ ለኮሌጁ ሰዎች ማሳየት ከፈለግሽ አሳዪ። እንዲህ የለፋ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል።

በሹፌሩ በፈንታው ሚኒባስ ፓፓያ ልኬልሻለሁ፤ ለጾም ይሆንሻል። ሹፌሩ መንገድ ላይ እንዳይጨርሰው ቶሎ ተቀበዪው።

የሚያስብልሽ
መምህር ሙሐመድዘይን


ወልድያ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017

መምህር፣

ለፋሲካ እንኳን አደረሰሽ ስላሉኝ አመሰግናለሁ። እኔ ግን የእርስዎን ኢድ ሳላስብ አሳለፍኩት፤ አፍሬያለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ፓፓያው ደርሷል። አንዱ ላይ የጥርስ ምልክት አይቼ ፈንታውን ብጠይቀው «መንገዱ ነው የኔ እመቤት» አለኝ።

ኮሚቴው ምን አለ ላሉኝ፣ መምህር ደምሴ ደብዳቤዎን ስብሰባው ላይ ጮክ ብለው አነበቡት። አጨበጨቡ! መምህር፣ ሰው ለድረ ገጽ ሲያጨበጭብ አይቼ አላውቅም። እዚያው ወሰኑ፤ ከሰኔው ፈተና ጀምሮ ለዓይነ ስውራን ተፈታኞች አንባቢ አይመደብም፣ ሁሉም በድረ ገጹ ራሱን ችሎ ይፈተናል። ከሐራ ሁለት ወንድማማቾች፣ ከመርሳ አንዲት ልጅ አሉ፤ እነሱም እንደ እርስዎ ይቀመጣሉ። ይኼ ሁሉ በእርስዎ ቃል ነው የሆነው።

ከደስታዬ ብዛት አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። አሁን የቀሩትን ምዕራፎች ላስገባ ነው። የወደዱትን የካርታ ትምህርት ናሙና አድርጌ ሌላውንም እንደሱ እሠራዋለሁ።

ኤልሳቤጥ


ወልድያ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017

መምህር፣

ሰላምታዬን በችኮላ ይቀበሉኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ።

ያንን ትምህርት ናሙና ላደርገው ብዬ ከፈትኩት። ካርታው ድምፅ የለውም። ሥዕል ብቻ ነው። ስልኩ የሚያነበው ማብራሪያ ልጽፍለት አስቤ ረስቼዋለሁ፤ አንድ ቃል የለበትም። ስልክዎ እዚያ ሲደርስ «ምስል» ብሎ ነው የሚያልፈው።

ታዲያ አዋሽንና ሚሌን ማን ነገረዎ?

ዛሬውኑ ይመልሱልኝ፣ እባክዎ።

ኤልሳቤጥ


ግራና፣ ግንቦት 2 ቀን 2017

ልጄ ኤልሳቤጥ፣

ተከታትለው የመጡት ደብዳቤዎችሽ ሁሉ ደርሰውኛል። በመዘግየቴ ይቅርታሽን እጠይቃለሁ። አመመዎ ወይ ላልሽኝ፣ ደኅና ነኝ። ተቀየሙኝ ወይ ላልሽኝ፣ ምን ቆርጦኝ! ዝናቡ ትንሽ ጣል ጣል ሲል ኔትዎርኩ ይጠፋል፤ ሲመጣ ደግሞ እኔ እጠፋለሁ። ለአባትሽ ሰላም በይልኝ።

ስለ ካርታው፣ ከድሮ የማውቀውን ከአዲሱ ጋር ቀላቅዬው ይሆናል። እርጅና መጥቷል ልጄ።

አንድ ነገር ልንገርሽና አትደንግጪ። የዘንድሮውን ፈተና ትቼዋለሁ። ዕቃ ቤትም ሥራ ነው፤ ጠመኔና መጥረጊያ ማደል ያን ያህል አይከብድም። ለኮሌጁ ግን ምንም እንዳትነግሪ። ስምሽ በክፉ እንዲነሳ አልፈልግም።

መምህር ሙሐመድዘይን


ወልድያ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017

መምህር፣

ተናድጃለሁ። በአክብሮት ነው፣ ግን ተናድጃለሁ። ደብዳቤዎን አንብቤ በረንዳው ላይ ስመላለስ አባቴ «ምን ነክቶሽ ነው አንቺ ልጅ? አረፍ በይ እንጂ!» አለኝ። ማረፍ አልቻልኩም።

ያነበበችልዎ ቡርቱካን ናት፣ አይደል? ካርታውንም አይታ በቃሏ የነገረችዎ እሷ ናት። ስልክ ቻርጅ ታደርጋለች ብለው ነበር የጻፉልኝ!

ለእኔ አዝነው ነው? ስህተቴ ቢነገረኝ አልሞትም። ከኔ ይልቅ ለሐራዎቹ ወንድማማቾችና ለመርሳዋ ልጅ ይዘኑ። በእርስዎ ቃልና በእኔ ድረ ገጽ ተማምነው ሰኔ ላይ አንባቢ ሳይኖራቸው ሊቀመጡ ነው። እርስዎ ፈተናውን ቢተዉት እነሱ አልተዉትም፤ የሚያውቁትም ነገር የለም። ዕቃ ቤት ገብተው ዝም ቢሉ እነሱን ማን ያወጣቸዋል?

ሁሉንም ይንገሩኝ። አንድም ሳያስቀሩ።

ኤልሳቤጥ


ግራና፣ ግንቦት 7 ቀን 2017

ኤልሳቤጥ፣

ሁሉንም ይንገሩኝ ብለሻል። እንግዲያው ስሚ።

ገና መግቢያው ላይ «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» ይለኛል፤ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጥ። ሥዕል አላይም። ባይስ፣ ግራና የትራፊክ መብራት የት አለና ነው? ቡርቱካን መረጠችልኝ፣ ገባሁ። ከዚያ «ያልተሰየመ አዝራር፣ ያልተሰየመ አዝራር፣ ያልተሰየመ አዝራር» ሲለኝ ልብስ ሰፊ ቤት የገባሁ መሰለኝ። የቱ መቀጠያ፣ የቱ መመለሻ፣ የቱ መውጫ እንደሆነ ስም አልወጣለትም። አንዱን ብነካው ጠራርጎ አስወጣኝ። ሁለተኛው ምዕራፍ በድሮው የኮምፒውተር ፊደል ተጽፎ ነው የገባው፤ ለቡርቱካን ዓይን ደህና አማርኛ ነው፣ ስልኬ ግን «ኤች፣ ዋይ፣ ኪው» እያለ ይለፈልፋል። ሦስተኛው ከመጽሐፍ ላይ ፎቶ የተነሳ ነው፤ «ምስል» ብሎ ዝም። መልመጃው ላይ ሰዓት ትቆጥሪብኛለሽ፤ ስልኩ ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ «ጊዜዎ አልቋል» ይላል።

ይኸው። ደስ አለሽ?

አሁን ደግሞ የኔን ቁጣ ስሚ። አንቺ «የት ላይ ቆሙ?» ብለሽ አልጠየቅሽኝም። «ጥሩ ነው፣ አይደል?» ነው ያልሽኝ፤ ያውም ሁለት ወር ለፋሁበት ብለሽ፣ ደስታሽ ከቃልሽ እየፈሰሰ። በኛ አገር የሰው ቤት ገብቶ ወጥ ቀርቦለት «ጣፈጠዎ?» ሲባል ጨው በዝቶበታል የሚል ሰው አለ? እኔ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል፣ አንድም ቀን ብዬ አላውቅም። ወላሂ ይሉኝታ ይዞኝ ነው እንጂ ላታልልሽ ብዬ አይደለም። በኔ ደብዳቤ የሌላ ሰው አንባቢ ይነሳል ብዬም አላሰብኩም። እሱን ስሰማ ነው ደብዳቤ መጻፍ ያቆምኩት።

ቡርቱካን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የራሷን ደብተር ትታ የኔን ታነባለች። በሐምሌ እሷም ፈተና አለባት። እኔን ስታሳልፍ እሷ እንድትወድቅ አልፈልግም፤ ፈተናውን የተውኩት ለዚህ ነው።

የሚገርመው፣ ደብዳቤሽን ማንም አያነብልኝም። ስልኬ ከላይ እስከ ታች አጥርቶ ያነበዋል፤ እኔም እየዳበስኩ እጽፍልሻለሁ። ቁጣሽን ሳይቀር ራሴ ነው የሰማሁት።

መምህር ሙሐመድዘይን


ወልድያ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017

መምህር፣

አልተቀየምኩም። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አንብቤ መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ሥራ ጀመርኩ። ልክ ብለዋል፤ አጠያየቄ ምስጋና ፍለጋ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ኮሚቴውን ምን አሉሽ ብለዋል። ነገርኳቸው፤ አላመኑኝም። «ሰውየው በጽሑፍ መስክሮልሻል። አሁን ሥራው አልደርስልሽ ሲል ነው እንዴ ሰበብ የምትፈልጊ?» አለኝ አንዱ። መምህር ደምሴ ግን «ራሱ መጥቶ ይንገረን» አሉ። ማክሰኞ ይሰበሰባሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ፈተናው ሌላ ስብሰባ የለም።

ደብዳቤሽን ራሴ እሰማዋለሁ ካሉኝ ወዲህ አላረፍኩም። ፈተናውን እንደ ደብዳቤ አድርጌ ሠራሁት። ሥዕል የለም፣ ሰዓት አያሯሩጥም፣ ሮቦት ነህ አይልም። አዝራሩ አንድ ብቻ ነው፣ ስሙም «ቀጥል» ነው። ስልኩ ጥያቄውን ያነባል፣ እርስዎ መልሱን «ሀ» ወይም «ለ» ብለው ይጽፋሉ፣ በቃ። ካርታዎቹን በቃላት እየጻፍኳቸው ነው። በድሮው ፊደል ያለውንና ፎቶ የተነሳውን ምዕራፍ ሁሉ እንደገና እየተየብኩ ነው፤ ጣቶቼ አብጠዋል። ናሙናውን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ጥሩ ነው ወይ አልልዎትም። የት ላይ ቆሙ?

ማክሰኞ መምጣቱ እንደሚከብድዎ አውቃለሁ። በአፍዎ ወጥቶ የማያውቀውን ነገር በሰው ፊት ይናገሩ ማለት ነው። ካልመጡ ግን እነዚያ ልጆች ያለ አንባቢ ይገባሉ። ልለምንዎ እንጂ ላዝዎ አልችልም።

ኤልሳቤጥ


ግራና፣ ግንቦት 16 ቀን 2017

አንቺ ልጅ፣

አራተኛው ጥያቄ ላይ ቆምኩ። መልሴን ልጽፍ ስጀምር ድምፁ ጥያቄውን ከመጀመሪያው ይደግምብኛል። ሌላው ሄዷል። ብቻዬን ሄድኩ! ቡርቱካን ሌላ ክፍል ሆና የራሷን ስታጠና ነበር።

ማክሰኞ በፈንታው መኪና እመጣለሁ። ቡርቱካን አትመጣም፣ ታጥና። መናኸሪያው ላይ ጠብቂኝ። ምን ብዬ እንደምጀምር ገና አላወቅሁም፤ ደህና አደርክ ለሚለኝ ሰው ሁሉ የተሳሳተ መልስ እየሰጠሁ ነው የሰነበትኩት። ሻይ እንዳትጋብዢኝ። ከጋበዝሽኝ እንደገና ማመስገን እጀምራለሁ።

መምህር ሙሐመድዘይን


ወልድያ፣ ግንቦት 27 ቀን 2017

መምህር፣

«አዋረድኩሽ ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። እኔን? ስብሰባው ላይ እውነቱን ሲናገሩ አንገቴን የደፋሁት እንዳላለቅስ ብዬ ነው። ያ ሰበብ ትፈልጊያለሽ ያለኝ ሰውዬ የሳቀ ጊዜ ተነስቼ ልናገረው ነበር፤ መምህር ደምሴ ቀደሙኝ። «አንተም እኮ አጨብጭበሃል» አሉት።

ውሳኔው ይኸው፦ ለሰኔው ፈተና አንባቢ የፈለገ ይመደብለታል፣ በአዲሱ ገጽ ልፈተን ያለ በገጹ ይፈተናል። የሐራዎቹ ወንድማማቾች አንባቢ መርጠዋል። አልፈርድባቸውም። የመርሳዋ ልጅ ገና አልወሰነችም። የሥራ ውሌን ነገር የጠየቁኝን ለዛሬ ይለፉኝ።

አሁን የምልዎትን ሳይቆጡ ይስሙኝ። ፈተናውን አልተውም፣ በገጹ እፈተናለሁ ብለዋል፤ እርስዎም ግን አንባቢ ይያዙ። ደህና ሰው ይመደብልዎ ብዬ መምህር ደምሴን እለምናለሁ። የሕዝብ አሰፋፈሩን ምዕራፍ ገና አልጨረስኩትም፤ ጨርሼ እስክልክልዎ ለማጥናት ጊዜ አይተርፍዎትም። ዘንድሮ ከአንባቢ ጋር ይለፉና ክፍልዎ ውስጥ ይቆዩ፤ ለኩራት ሲባል ዕቃ ቤት መግባት አለ? እኔ አንድ አዝራር አሳስቼ እርስዎ ሥራዎን እንዳያጡ ፈርቻለሁ። በጣም ፈርቻለሁ።

ለዐረፋ ከወዲሁ እንኳን አደረሰዎ። ይኼኛውን እንኳ አልረሳሁም።

ኤልሳቤጥ


ግራና፣ ሰኔ 29 ቀን 2017

ኤልሳቤጥ፣

ሰላምታውን ዛሬ ወደ መጨረሻው አቆይቼዋለሁ። መጀመሪያ ስሞታዬን ስሚ።

ፈተናው ላይ የጻፍኩትን መልስ ልለውጥ ብዬ ብመለስ ገጽሽ አልመለስም አለኝ። ተፈታኝ ሐሳቡን መለወጥ አይችልም ያለሽ ማን ነው? ካርታውን በቃላት ስትጽፊው ደግሞ «ወደ ላይ»፣ «ወደ ታች» ብለሻል። ወረቀቱን ለማያይ ሰው ላይና ታች የለም፤ ሰሜንና ደቡብ በይ። ሁለቱንም አስተካክዪ።

ውጤቱን ሰሙ ወይ እያልሽ በየቀኑ ትጽፊያለሽ። ሰምቻለሁ። ማለፊያው ሃምሳ ነው፤ እኔ ያገኘሁት አርባ ስድስት ነው። ወደቅሁ።

አንባቢ ይያዙ ብዬ ነበር እንዳትዪኝ። ሰው ሲጠይቀኝ ደኅና ነኝ ማለት ልማዴ ነበር፤ ላንቺ ግን አልልም። ከፍቶኛል። ርዕሰ መምህሩ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አስረክቦኛል። የስምንተኛ ክፍል ልጆች በር ላይ ቆመው «እውነት ነው ጋሼ?» ይሉኛል። ቡርቱካን ከነገ ወዲያ ለፈተናዋ ትሄዳለች፤ ለኔ ስታለቅስ አግኝቼ ተቆጣኋት።

ግን ይህን ስሚኝ። የሳትኳቸውን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። የሕዝብ አሰፋፈሩ ነው የጣለኝ። ምዕራፉ ዘግይቶ ቢደርሰኝም ደርሶኝ ነበር፤ እኔ ግን የማውቃቸውን ወንዞች ደግሜ ደግሜ ስሰማ ጊዜዬን ጨረስኩ፤ ደስ ስላለኝ ነው። ተጠራጥሬ የጻፍኩትን፣ እርግጠኛ ሆኜ የተሳሳትኩትን፣ ሁሉንም ልነግርሽ እችላለሁ። ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ካለፍኳቸው ፈተናዎች ስለ አንዱም እንዲህ መናገር አልችልም፤ ማን እንዳለፋቸው አላውቅም። ይህን የወደቀው ሙሐመድዘይን ነው። አርባ ስድስቱም የኔ ናቸው።

የድጋሚ ፈተናው ምዝገባ መቼ ነው? አንባቢ አልፈልግም። ያልኩሽን አስተካክለሽ ጻፊልኝ፤ ካልደረሰልሽም ሳታስተካክዪ ጻፊልኝ፣ ብቻ ቶሎ።

አሁን ሰላም ልበልሽ። እንደምን ከረምሽ፣ ልጄ?

መምህር ሙሐመድዘይን